እጄ ያላደረገው

መስከረም 8

ለማከብርሽና ለምወድሽ ለአክስቴ ልጅ፣ ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ከፖስታው ቀድሞ ደጅሽ ይግባ። እንዴት ከርመሻል? ብርዱስ? ጉልበትሽስ? እኛ በፈጣሪ ቸርነት ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ እንደ ድሮው ከምሰሶ ምሰሶ ሲንጠላጠል ይውላል፤ የመብራት ሠራተኛ ያገባች ሴት ባሏን ከታች ወደ ላይ እያየች ነው የምታረጀው። ልጃችን ስምንት ወር ሞላው። የቤት ስሙ «አለቃ» ነው፤ ሲርበው ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ሲጠግብ ሁላችንንም ያሰናብተናል።

እኔም ወደ ስፌት ቤቱ ተመልሻለሁ። የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምንሰፋው፤ ኪስ፣ ኮሌታ፣ ኪስ፣ ኮሌታ። አማቴ ከጎን ካለው ሕንፃ እየመጡ ልጁን ይጠብቁልኛል። መልስሽን በስፌት ቤቱ አድራሻ ላኪልኝ። በስልክ የማልነግርሽ የቤታችን ግድግዳ ስስ፣ የአማቴ ጆሮ ደግሞ ሰፊ ስለሆነ ነው።

እትዬ፣ እኔና አንቺ በአንድ ፍራሽ ያደግን ነን። ሌሊት ስባንን «ጉንዳኔ፣ እዚህ ነኝ» እያልሽ የምታስተኚኝ አንቺ ነበርሽ። ዛሬ ደግሞ የሰው ጭንቀት ማዳመጥ ተምረሽ፣ የራስሽ ቢሮ እንዳለሽ እናትሽ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራለች። እኔንም ጭንቀት ይዞኛል። ሰውነቴ ደህና ነው፤ ወተቴም አልደረቀም። ሌላ ነው። ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። አግዳሚው ላይ ሴቶች ተደርድረው ሲሰሙ፣ ነርሷ በመጋረጃው ማዶ ሆና «ምንሽን ነው?» ብላ ጮኸች። «ራሴን» አልኳት። የራስ ምታት ኪኒን ሰጥታ ሸኘችኝ።

ለእነዚያ ለምታዳምጫቸው ሰዎች የምትሆኚውን ለእኔ ልትሆኚልኝ ትችያለሽ? ለእኔ፣ ለብቻዬ።

እህትሽ፣ ጉንዳን


ጥቅምት 4

ለውድ እህቴ፤

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። አለቃን ሳሚልኝ፤ የባልሽንም እግር ፈጣሪ ከምሰሶው ላይ ያጽናው። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራው ግን ጎርፍ ሆኖብኛል። አንዱ እንባውን ጠርጎ ሲወጣ ሌላው ሊያለቅስ ይገባል። በዚያ ላይ በሳምንት አንድ ቀን በቋንቋችን በኢንተርኔት የማቀርበው ፕሮግራም አለ፤ ተመልካቹ ገና በጣት የሚቆጠር ነው፤ ተስፋ አልቆረጥኩም።

ከወሊድ በኋላ ሆድ መባስ የተለመደ ነው፣ አትደናገጪ። እዚህ ለደንበኞቻችን የምናድለውን ወረቀት ተርጉሜ አብሬ ልኬልሻለሁ። በርቺ።

እህትሽ


ጥቅምት 30

ለእትዬ፣ ሰላምታዬ እንደ መጀመሪያው ቀን ትኩስ ሆኖ ይድረስሽ፤

ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩት። «ንጹሕ አየር ባለበት ስፍራ በእግርዎ ይንሸራሸሩ» ይላል። ሊፍት በሌለው ሕንፃ ልጅ አዝዬ አራተኛ ፎቅ የምወጣ የምወርድ ሴት ነኝ። ቢሆንም ክብር ተሰማኝ፤ አንቱ ያለኝ ወረቀት ይህ የመጀመሪያው ነው። ግን እትዬ፣ ወረቀቱ እኔን አያውቀኝም። ሆድ አልባሰኝም። ቢብሰኝማ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።

እንግዲህ ልንገርሽ። አንብበሽ ቅደጂው።

ልጁ ሦስት ወር ሲሞላው ነው የጀመረኝ። በረንዳው ላይ ፎጣ እያሰጣሁ፣ በግራ እጄ እሱን አቅፌ፣ ወደ ታች አየሁ። ታች መኪናዎች ቆመዋል። በድንገት «ብትለቂውስ?» አለኝ። ሌላ ሰው አልተናገረኝም፤ የራሴው ሐሳብ ነው፣ ግን እኔ አላሰብኩትም። ልጁን በሁለት እጄ ጨምቄ ገባሁና ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። እሱ ጡት ፈልጎ ያለቅሳል፣ እኔ እጄን አያለሁ።

ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። መቀስ ሳይ ይመጣል፤ እንጀራዬ ደግሞ በመቀስ ነው። ልጁን ሳጥበው ይመጣል። የበረንዳውን በር በገመድ ጠፍሬ አሰርኩት። ለባሌ «አይጥ ይገባል» አልኩት። «አራተኛ ፎቅ የምትወጣ አይጥ ካለችማ እኛ መሥሪያ ቤት ትቀጠር» ብሎ ሳቀ። ልጁን እንዲያጥቡልኝ አማቴን ስለምን «ያንቺ እጅ ምን ሆነና?» ይሉኛል። እኔስ የምጠይቀው ይህንኑ አይደል?

ለዚህ ልጅ እሳት ውስጥ እገባለሁ። ታዲያ ይህ ከየት መጣብኝ? አብጄ ነው? ወይስ ክፉ ነኝ? እውነቱን ንገሪኝ። ክፉ ከሆንኩ ለልጁ ስል ራሴው ከቤት እወጣለታለሁ።

ጉንዳን


ኅዳር 16

ጉንዳኔ፣ የእኔ እህት፤

ሰላምታውን ሌላ ቀን አሳምሬ እጽፈዋለሁ። ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ የምሳ ሰዓቴን ትቼ ቢሮዬን ዘግቼ ነው የምመልስልሽ። ቅደጂው ያልሽውንም ቀድጄዋለሁ።

አላበድሽም። ክፉም አይደለሽም።

ሐሳብ ሌላ ነው፣ ምኞት ሌላ። ሌባ የሚያንኳኳው ዕቃ ያለበትን ቤት ነው፤ እንዲህ ያለ ሐሳብም ትልቅ ፍቅር ያለበትን ልብ መርጦ ነው የሚመጣው። ያስደነገጠሽ ስለማትፈልጊው ነው። ብትፈልጊው ኖሮ ወለል ላይ ዘጭ ባላልሽ፣ ለእኔም ባልጻፍሽ። ስንትና ስንት እናት ይመጣባታል መሰለሽ፤ ለአባቶችም ይመጣል። ሁሉም አፉን ስለሚይዝ ነው እያንዳንዱ ብቻውን የሆነ የሚመስለው።

አሁን ለአንቺ፣ ለብቻሽ የሚሆነውን ልንገርሽ። ገመዱን ፍቺው። ሐሳቡን በሸሸሽው ቁጥር እግር ያወጣል። መጀመሪያ ልጁን ሳትይዢ በረንዳው ላይ ቁሚ። ሲለምድሽ ይዘሽው በሩ ላይ ቁሚ። ልጁንም ራስሽ እጠቢው። ሐሳቡ ሲመጣ አትታገዪው፣ አትጨቃጨቂውም። «መጣህ? እንግዲያው ተቀመጥ» በዪውና ሥራሽን ቀጥዪ። የሚያዋራው ሲያጣ ይሄዳል።

ሁሉንም ጻፊልኝ። መቼ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚልሽ፣ ሰውነትሽ ላይ የት እንደሚሰማሽ። ከእኔ በቀር ማንም አያየውም፤ ቃሌ ነው። እዚህ ነኝ።

እህትሽ


ጥር 12

ለእትዬ፣ ለመድኃኒቴ፤

እጅሽ ይባረክ። ከእጅሽም አፍሽ፣ ከአፍሽም ያስተማሩሽ ይባረኩ። እዚህ ሁሉ ደህና ነው፤ ዛሬ «ደህና ነው» ስልሽ የሰላምታ ደህና አይደለም።

ልጁን አጠብኩት! ውሃውን አሙቄ፣ ሳፋው ፊት ተንበርክኬ ጀመርኩ፣ ወዲያው መጣ። «መጣህ? እንግዲያው ተቀመጥ» አልኩት። ተቀመጠ። ይኼኔ አለቃ ሳሙናውን ሊበላ ታገለ፣ እኔም ሳሙናውን ላስጥል ታገልኩ፣ እንግዳዬን ረሳሁት። ዞር ብዬ ብፈልገው የለም። እትዬ፣ ሳቅሁ። አማቴ «ምን ያሥቅሻል?» ብለው ከሳሎን ተጣሩ።

በረንዳው መጀመሪያ አልተሳካልኝም፤ ሁለቴ ሮጬ ገብቻለሁ። አሁን ግን ልጁን ይዤ ቆሜ ልብስ አሰጣለሁ። ባሌ ገመዱ መፈታቱን አይቶ «አይጧስ?» አለኝ። «ተቀጠረች» አልኩት። ስፌት ቤትም ትልቁን መቀስ መልሼ ይዣለሁ፤ ኮሌታ እንደ ድሮው በአንድ ትንፋሽ እቆርጣለሁ።

ምን ብዬ ላመስግንሽ? ከሰው መሃል ቆሜ ማንም የማያውቅልኝን አንቺ ባሕር ማዶ ሆነሽ አወቅሽልኝ። ዕድሜሽ ይርዘም።

ጉንዳንሽ


የካቲት 3

ለጉንዳኔ፤

እንኳን ደስ አለሽ፣ እንኳን ደስ አለን። ደብዳቤሽን እንባዬን ይዤ ነው የጨረስኩት። ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ፤ ለክትትሉ ይጠቅማል። የመጀመሪያ ቀን ያሰጣሽው ፎጣ ቀለሙ ምን ነበር? አማትሽ «ያንቺ እጅ ምን ሆነና» ሲሉ ፊታቸው ምን ይመስላል? ወለሉ ላይ ስትቀመጪ ልጁ የት ነበር፣ ጭንሽ ላይ ወይስ መሬት? በደንብ አስታውሰሽ፣ ልክ እንደምታዪው አድርገሽ ጻፊው። አጻጻፍሽ ሰው ልብ ውስጥ ይገባል፤ ተሰጥኦ አለሽ።

የእኔም ነገር ደህና ነው። የፕሮግራሙ ነገር ትንሽ አሳስቦኛል። ዛሬ ሰው ምክር አይፈልግም፤ የሚፈልገው ታሪክ ነው።

እህትሽ


የካቲት 28

ለእትዬ፣ ሰላምሽ ይብዛ፤

ፎጣው ቢጫ ነበር፤ ዳር ዳሩ የተተለተለ። ለምን እንደሚጠቅምሽ አላወቅሁም፤ ግን ሐኪም ምላስሽን አውጪ ሲል ለምን አይባልም። ልጁ ጭኔ ላይ ነበር፤ በአንድ እጁ አንገትጌዬን ይዞ ነበር። አማቴ ያን ሲሉኝ የአውቶቡስ ትኬት የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ነው የሚመስሉት።

ልጁ ቆሟል! የአልጋውን ጠርዝ ይዞ። አሁን አንቺ ስለራስሽ ጻፊልኝ። ሁሌ እኔ ብቻ።

ጉንዳን


ሚያዝያ 20

ሰላም ላንቺ ይሁን፤

ሁለት ወር ገደማ መልስሽን ጠብቄ፣ በፖስታ ሳይመጣ ቀርቶ በሌላ መንገድ ደረሰኝ።

እሑድ ከሰዓት ነው። አማቴ ልጁን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከጎረቤታችን ከጡረተኛዋ መምህርት ጋር ሳሎን ተቀምጠዋል። ስልኩን ብርጭቆ አስደግፈው አንድ ነገር ያያሉ። ኩሽና ሆኜ ድምፅሽን ሰማሁ። እጄን ሳላደርቅ እየሮጥኩ ወጣሁ። «እትዬ ናት! የአክስቴ ልጅ ናት!» አልኩ። በደስታ ነው የነገርኳቸው፣ እትዬ። እኔው ነኝ ዘመዴ ናት ያልኩት።

ሰማያዊ ሻርፕ ለብሰሻል። ያምርብሻል። «አንዲት የሥጋ ዘመዴ፣ ልብስ ሰፊ፣ አራተኛ ፎቅ የምትኖር» አልሽ። ቢጫውን ፎጣ አልሽ። የቆሙትን መኪናዎች አልሽ። «ብትለቂውስ» ስትዪ ዓይንሽ እንባ ሞላ። መምህርቷ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ መሃል ወለሉ ላይ ቆሜ «አሁን ትለዋለች፣ ሐሳብ ሌላ ምኞት ሌላ የሚለውን አሁን ትለዋለች» እያልኩ እጠብቅሻለሁ። አንቺ ግን «አማቷ ልክ እንደ ትኬት ተቆጣጣሪ አፍጥጠው፣ ያንቺ እጅ ምን ሆነና ይሏት ነበር» አልሽ። ቃል በቃል። ቀድጄዋለሁ ያልሽውን ደብዳቤ፣ ከዚያ ወዲያ የጻፍኩልሽንም።

አማቴ የራሳቸውን ቃል ባንቺ አፍ ሰሙ። ቀጥሎ ያልሽውን አልሰሙም። ልጁን አንሥተው፣ የአንድ እግራቸውን ጫማ እንደረገጡ ወደ በሩ ሄዱ። በደረጃው ተከተልኳቸው። «እማማ፣ ልጄን!» እላለሁ። «ልጅሽን ካንቺ ላድነው ነው» አሉኝ፣ ሕንፃው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። በየፎቁ በር ተከፈተ። ሁሉም አዩን፣ ማንም አልወጣም።

ማታ ባሌ መጣ። የሥራ ቀበቶውን እንኳ አልፈታም።

«እውነት ነው?»

«ሐሳብ ነው» አልኩት።

«አስበሻል ወይስ አላሰብሽም?»

«መጣብኝ እንጂ...»

«አስበሻል ወይስ አላሰብሽም?»

«አስቤያለሁ።»

የፕላስቲክ ከረጢት አውጥቶ የልጁን ልብስ አንድ በአንድ ሰበሰበ። የአንዱ ካልሲ ጥንድ ጠፍቶት አልጋ ሥር ሲፈልግ፣ እኔ ነኝ ያገኘሁለት።

ወሬው ስፌት ቤትም ደርሷል። አሠሪዬ «ለጊዜው ማጠፉን ብትሠሪ» ብላ መቀሱን ከፊቴ አነሣች።

አልወቅስሽም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ለባሌና ለአማቴ ደውዪላቸው። ለእኔ ያስረዳሽኝን አስረጃቸው። እሱም ቢቀር በሙያሽ፣ በማኅተምሽ ጽፈሽ ላኪ። ካንቺ አፍ ሰምተው ወሰዱት፤ ካንቺ አፍ ሰምተው ይመልሱት።

የአክስትሽ ልጅ


ግንቦት 26

ለውድ እህቴ፤

ሰላምና ጤና ካንቺ ጋር ይሁን። የዘገየሁት ጊዜ አጥቼ ነው፤ ከዚያ ፕሮግራም በኋላ ስልኬ ማረፍ አልቻለም። የተመልካቹን ቁጥር ብነግርሽ አታምኚም። እናቶች እያለቀሱ ይጽፉልኛል፤ «ብቻዬን መስሎኝ ነበር፣ ነፍሴን አተረፍሽ» የሚሉ። ይህ ሁሉ ባንቺ ምክንያት ነው። በቁጣሽ ውስጥ ይህን አለማየትሽ አሳዝኖኛል።

ስምሽን አልጠራሁም። አገርሽንም አልጠራሁም። ዘመዴ መሆንሽን ለአማትሽ የነገርሽው አንቺው ነሽ፤ ራስሽ ጽፈሽዋል። አማትሽ እስከ መጨረሻ ቢያዩት ኖሮ ይሰሙት ነበር፤ የሚያስፈልገውን ማብራሪያ ሁሉ ሰጥቻለሁ።

የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ዘመድ ለዘመድ የሙያ ማስረጃ መጻፍ በሙያችን ደንብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ቢደረስብኝ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ስልክ መደወሉም ያው ነው፤ የቤተሰብ ጠብ ውስጥ የምገባ ሰው አይደለሁም። ደግሞ በግልጽ እንነጋገር፤ እኔ ያንቺ አማካሪ ሆኜ አላውቅም። እንደ እህት ነው የጻፍኩልሽ። እዚያው ያለ ባለሙያ ፈልጊ፤ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪው። ለጊዜው ልጁ ከአያቱ ጋር መሆኑም አይከፋም፣ አንቺም ታርፊያለሽ።

ነሐሴ ላይ ትልቅ ስብሰባ አለን። ሰው ሁሉ «ያቺ እናት እንዴት ሆነች?» እያለ ይጠይቀኛል። ድነሽ ልጅሽን ያጠብሽበትን፣ የሳሙናውን ታሪክ፣ በራስሽ ድምፅ ቀድተሽ ብትልኪልኝ ለብዙዎች ተስፋ ይሆናል። አጭር ይሁን።

እህትሽ


ሐምሌ 29

ለአክስቴ ልጅ፤

ሰላምታ ሳላቀርብ መጻፍ ነውር ነውና፣ ሰላም ነሽ?

ለስብሰባሽ የዳነች እናት ከፈለግሽ ሌላ ፈልጊ። ከሚጽፉልሽ መሃል አታጪም።

ባለሙያ ፈልጊ ያልሽውን ፈልጌያለሁ። ያችው ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ነርሷ በመጋረጃው ማዶ «ምንሽን ነው?» ስትል፣ ሁሉንም ጮክ ብዬ ነገርኳት። ከእንግዲህ የምደብቀው ከማን ነው? መጋረጃውን ገልጣ ወጥታ እጄን ያዘችኝ። ለካ እንደዚህ ቅርብ ነበረች። እናትየዋ ለልጁ የምታሰጋ አይደለችም የሚል ወረቀት ከሐኪሙ አስፈርማ ሰጠችኝ። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ይሄኛው ደግሞ በየት በኩል ነው የሚዛመድሽ?» ብለው መለሱልኝ።

ልጁን ቅዳሜ ቅዳሜ አየዋለሁ። የምቀመጠው በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ነው፤ አማቴ መሃል ናቸው፣ ልጁ ከእሳቸው ወዲያ። ውሃ እንኳ በፕላስቲክ ኩባያ ነው የሚሰጡኝ። መሄድ ጀምሯል። የመጀመሪያ እርምጃውን ከባሌ ነው የሰማሁት፤ እሱም ሊነግረኝ ፈልጎ ሳይሆን አምልጦት ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ባሌ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ተናገረ። «እማ፣ እስቲ አንዴ ትቀፈው» አለ። አማቴ እሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ልጁን አመጡልኝ። ከሰጡኝም በኋላ አልራቁም፤ ሁለት እጃቸውን ከሥሩ ዘርግተው፣ ሊወድቅ ያለ ዕቃ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሙ።

ከብዷል። ሌላ ሳሙና ይሸታል። ደረቴ ላይ ላስጠጋው ስል አንገቱን ወደ ኋላ ሳበና ፊቴን አየ። ሰው ሲፈራ የሚያየውን አስተያየት አየኝ። ከዚያ ጮኸ። በእግሩ ገፋኝ፣ በጥፍሩ ቧጠጠኝ፤ ፊቱን ወደ አያቱ አዙሮ እጁን ዘረጋ። የተዘረጋው የእሳቸው እጅ እዚያው ነበር።

«አየሽ?» አሉኝ አማቴ። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ያዘኑልኝ ይመስላሉ። «ልጅ ያውቃል።»

ባሌ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ነርሷ ያስፈረመችልኝን ወረቀት አስታውሳለሁ። አንቺ የጻፍሽልኝንም፣ ሐሳብ ሌላ ነው ምኞት ሌላ ያልሽውን፣ በቃሌ ነው የማውቀው። ያን ቀን በልቤ ደጋግሜ ብዬዋለሁ። ልጁ ግን በአማቴ ትከሻ ላይ ሆኖ ያየኛል፣ ዓይኑን አይነቅልም። ከወንበሬ ተነሣሁ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ከእሱ ዓይን ልሰውረው ብዬ ነው።

አማቴን አመንኳቸው፣ እትዬ።